ስለ በተርዎርዝ ፊልተር የሚባለውና እውነታው

ደሴም ይሁን ባቲ፣ ክራርና ማሲንቆ የሚቀዳ ሰው «ጠፍጣፋ» የሚባለውን በተርዎርዝ ፊልተር (የማይፈለገውን የድምፅ ክልል የሚቀንስ ሰርኪዩት) ሳያስፈልገው አይቀርም። ንድፉ እንግሊዛዊው ስቲቨን በተርዎርዝ በ1930 ያሳተመው ነው።

«እስከ መቁረጫው ድረስ ምንም አይቀንስም።» ይቀንሳል። ኦርደሩ (ቁረጡ ምን ያህል ስለታም እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር) ስንትም ይሁን መቁረጫው (የሚያልፈውና የሚቀነሰው ድምፅ ድንበር) ላይ 3 ዴሲቤል ወርዷል፤ 1 ቮልት ቢገባ 0.707 ይወጣል። የክራሩ ድምፅ እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ ሳይነካ እንዲያልፍ ከተፈለገ አራተኛ ኦርደር ሎው ፓስ (ከመቁረጫው በታች ያለውን የሚያሳልፍ) 12 ላይ ይቆረጥ፤ 8 ላይ የሚጎድለው 0.17 ዴሲቤል ብቻ ነው።

«ሁለት ተመሳሳይ ሁለተኛ ኦርደር ቢቀጠሉ አራተኛ ይሆናሉ።» ኦርደሩስ አራት ነው፤ በተርዎርዝ ግን አይደለም። ኪው (ደረጃው መቁረጫው አጠገብ ምን ያህል እንደሚያብጥ የሚናገረው ቁጥር) 0.707 የሆኑ ሁለት ደረጃዎች መቁረጫው ላይ 3ና 3፣ በድምሩ 6 ዴሲቤል ይጥላሉ። (ይህ ሊንክዊትዝ ራይሊ የሚባል ሌላ ንድፍ ነው፤ የሳብዉፈሩን ድምፅ ከሌሎቹ ስፒከሮች ለመለየት ደግ ነው።) ለበተርዎርዝ የሚፈለገው የሁለቱ ደረጃዎች ኪው 0.541 እና 1.307 ነው።

በሳለን ኪ ሰርኪዩት (በኦፕ አምፕ፣ ማለትም በማጉያ ቺፕ፣ የሚሠራ ንድፍ) መቁረጫውን የሚወስኑት አራቱም ሪዚስተር 13 ኪሎ ኦም፣ አራቱም ካፓሲተር 1 ናኖ ፋራድ ሲሆኑ መቁረጫው 12.2 ኪሎ ኸርዝ ይመጣል። ኪውን የሚወስነው የየደረጃው ጌይን (የማጉላት እጥፍ) ነው፦ 1.152 እና 2.235። ከኦፕ አምፑ ነጌቲቭ እግር ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም፤ ከአውትፑት ወደዚያው እግር በመጀመሪያው 1.5 ኪሎ፣ በሁለተኛው 12 ኪሎና 330 ኦም በተከታታይ። በ12ቱ ፈንታ 22 ኪሎ ከገባ ጌይኑ ከ3 ያልፍና ሰርኪዩቱ ራሱ ያፏጫል። ከፍተኛ ኪው ያለው ደረጃ መቁረጫው አጠገብ በ3 ዴሲቤል ስለሚያብጥ ከኋላ ይሁን፤ ከፊት ከሆነ ጠንካራ ድምፅ ሲመጣ የሞገዱ ጫፍ ቀድሞ ይቆረጣል።

«80 ኸርዝ ሃይ ፓስ (ከመቁረጫው በላይ ያለውን የሚያሳልፍ) የኮረንቲውን ጉርምርምታ ያጠፋል።» ሁለተኛ ኦርደር ከሆነ 50 ኸርዙን በ9 ዴሲቤል ብቻ ያወርዳል፤ ከሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ ከሚቀይረው) የሚመጣውን 100 ኸርዝ ደግሞ በ1.5። መጀመሪያ ግራውንዱና የማይኩ ገመድ ይታይ።

«ጠፍጣፋ ስለሆነ ቅርፅ አያበላሽም።» ስኩዌር ዌቭ (ባለ ማዕዘን ሞገድ) ቢሰጡት አራተኛው ኦርደር ወደ 11 በመቶ ዘሎ ይመለሳል። ብልሽት አይደለም፤ ጠባዩ ነው። የምት ቅርፅ የሚያሳስበው ቤሰል የሚባለውን ፊልተር ይሥራ፣ የቁረጡ ልስላሴ ግን ዋጋው ነው።

ካፓሲተሩ 5 በመቶ ፊልም ይሁን፤ 102 (1 ናኖ ፋራድ ማለት ነው) የተጻፈበት ርካሽ ሴራሚክ 20 በመቶ ሊስት ይችላል። ሲያልቅ 1 ኪሎ ኸርዝ ይሰጥና የሚወጣው ቮልት ይለካ፤ 12.2 ላይ የዚያ 0.707 እጥፍ መምጣት አለበት። ግማሽ ብቻ ከመጣ ሁለቱም ደረጃዎች ኪው 0.707 የሚያመጣ አንድ ዓይነት ጌይን ተሰጥቷቸው ይሆናል።