ዲስክ ክሎን ማድረግ ምንድን ነው?

«ሲ ድራይቭ ላይ ያለውን በሙሉ ኮፒ አድርገህ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ፔስት በል፣ ዊንዶውሱ አብሮ ይሄዳል» የሚል ምክር ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ጥገና ቤቶች እስከ ማራኪ ግቢ ዶርሞች ድረስ እንደ እውነት ይዞራል። አብሮ አይሄድም። እንዲህ የተሠራ ዲስክ ለብቻው ሲገጠም ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ነገር አጥቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል፤ ባለቤቱም ደህናውን ኤስኤስዲ፣ ማለትም ፈጣኑን አዲስ ዲስክ፣ «ፎርጅድ ነው» ብሎ ሊመልስ ይሄዳል።

ክሎን ማለት ዲስኩን ከነፓርቲሽኖቹ (ዲስኩ ከተከፋፈለባቸው ክፍሎች ጋር)፣ ከነመለያ ቁጥሮቹና ከነማስነሻው ማዛወር ነው። የጌሾ ችግኝ ቦታ ሲቀይር ከነሥሩና ከነአፈሩ ይነሳል እንጂ ቅጠሉ ተሸምጥጦ አይተከልም። ኮፒ ፔስት የሚወስደው ቅጠሉን ነው። ሥሩ ጭራሽ ሲ ላይ የለም፦ ዊንዶውስ 10 እና 11 በተጫነባቸው አብዛኞቹ ማሽኖች 100 ሜጋባይት ገደማ የሆነ የተደበቀ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን አለ። ማሽኑ ሲበራ ማስነሻውን የሚያገኘው እዚያ ነው፤ ዊንዶውስ የትኛው ፓርቲሽን ላይ እንዳለ የሚነግረው መረጃም እዚያው ተጽፏል። ፋይል በምንከፍትበት መስኮት ስለማይታይ ኮፒ አድራጊው መኖሩን እንኳ አያውቅም። በዚያ ላይ ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ የያዛቸውን የራሱን ፋይሎች ኮፒ አያስደርግም።

«እኔ ግን ኮፒ አድርጌ ሠርቶልኛል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። አሮጌውን ዲስክ ያውጣና እንደገና ያብራው። ሲነሳ የነበረው ከአሮጌው ነው፤ ፍጥነቱ ያልጨመረውም ለዚህ ነው።

«500 ጊጋ ገዝቼ ሲ አሁንም 120 ነው» የሚለው ስሞታም ከዚሁ አለመግባባት ይመጣል። ክሎን ብዙ ጊዜ መጠኑንም እንዳለ ነው የሚያዛውረው፤ ትርፉ ቦታ ባዶ ሆኖ ከዲስኩ መጨረሻ ይቀራል። የዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ሲ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» ማለት ነበር፣ ግን ብዙ ጊዜ ደብዝዞ አይነካም። ምክንያቱም በሲና በባዶው ቦታ መሃል የሪከቨሪ (የዊንዶውስ መጠገኛ) ፓርቲሽን ተቀምጧል። ችግኙ ሰፊ ጉድጓድ ቢያገኝም ሥሩ አጠገብ ድንጋይ ካለ አይሰፋም። ጂፓርትድ የሚባለውን የፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነስቶ ሪከቨሪውን ወደ መጨረሻው መግፋት፣ ከዚያ ሲን ማስፋት ነው። 500ው 465 ሆኖ ቢታይ ግን የጎደለ የለም፤ ፋብሪካው በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ስለ መብራት ደግሞ አንድ ነገር ይለይ። ክሎን እየተደረገ መብራት ቢጠፋ አሮጌው ዲስክ እየተነበበ ብቻ ስለሆነ ዳታው አይነካም፤ ሥራውን እንደገና መጀመር ነው። ፓርቲሽን እየተገፋ ቢጠፋ ግን ዳታ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትንኩት። ከሁሉ የከፋው ጥፋት አቅጣጫ ማቀያየር ነው፦ ክሎንዚላ በሚባለው የክሎን ማድረጊያ ፕሮግራም ላይ ባዶውን ምንጭ፣ የሞላውን ተቀባይ ያደረገ ሰው ሁሉንም አጥፍቷል። የሁለቱን ዲስኮች ሞዴልና መጠን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስተያዩ።

ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር ካለ አስቀድሞ ይጥፋ፤ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥርም ይመዝገብ። ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሳው ፋስት ስታርትአፕም ይዘጋ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የላፕቶፑን ሞዴል ዝርዝር እዩ፤ ኤም 2 የሚባለው ዱላ መሰል ኤስኤስዲ በአገናኙ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሳታም ኤንቪኤምኢም አለው፣ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ሳታ ብቻ የሚቀበል ማስገቢያ ግን ኤንቪኤምኢውን አያየውም።

ክሎኑ ሲያልቅ አሮጌውን ነቅላችሁ በአዲሱ ብቻ አስነሱ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መለያ ስለያዙ አብረው ሲሰኩ ዊንዶውስ አንዱን ሊዘጋው ይችላል። አሮጌውን ቶሎ ፎርማት አታድርጉት። ቫይረስና የተበላሸ ፋይል ከነበረ እሱም እንዳለ ተዛውሯልና፣ አዲሱን እስክትፈትሹት ድረስ ይቆይ።