በፕሮሰሰር የሚቆጠር የሶፍትዌር ፈቃድ ምንድን ነው?

ኮምፒውተር አምራች ለኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን ለሚያንቀሳቅሰው መሠረታዊ ሶፍትዌር) የሚከፍለው በጫነው ቅጂ ሳይሆን ከፋብሪካው ባወጣው ማሽን ልክ ከሆነ፣ ውሉ በፕሮሰሰር የሚቆጠር ፈቃድ ይባላል። በውሉ የተጠቀሰው ዓይነት ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና ማስሊያ ቺፕ) ያለበት ማሽን ሁሉ ያስከፍላል፤ ሶፍትዌሩ ተጫነበትም አልተጫነበትም። ማይክሮሶፍት ኤምኤስ-ዶስ (ባጭሩ ዶስ) የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በዚህ መንገድ ለአምራቾች ማቅረብ የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ማሽን መቁጠር ለምን አስፈለገ? ቅጂ መቁጠር ስለሚያስቸግር ነው። በ1975 ማይክሮሶፍት ለአልቴር 8800 ኮምፒውተር የሠራውን ቤዚክ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ለኮምፒውተሩ አምራች ለኤምአይቲኤስ ሲሰጥ ክፍያው በተሸጠው ቅጂ ልክ ነበር። ፕሮግራሙ የሰፈረበት የወረቀት ቴፕ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተባዛ ዞረ። ቢል ጌትስ በፌብሩዋሪ 1976 በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፣ ከአልቴር ባለቤቶች ቤዚክን የገዙት ከ10 በመቶ በታች እንደሆኑ አማርሯል። ቴፕ በድብቅ ይባዛል፤ ከፋብሪካ የሚወጣ ኮምፒውተር ግን በቀላሉ አይደበቅም።

የፕሮሰሰር ውል ሁለተኛው መሠረት ከኮምፒውተር አምራቹ ከአይቢኤም ጋር የተፈረመው ውል ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ይመስለናል። ማይክሮሶፍት በኋላ ኤምኤስ-ዶስ የሆነውን 86-ዶስን ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ ከተባለ ኩባንያ በጁላይ 1981 በ50,000 ዶላር ጠቅልሎ ገዛ። ከአይቢኤም የተቀበለው በቅጂ የሚታሰብ ክፍያ ሳይሆን አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነበር፤ በምትኩ ሶፍትዌሩን ለሌሎች አምራቾች የመሸጥ መብቱን አስቀረ። ኮምፓክና ሌሎች አምራቾች ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የሚጣጣሙ ማሽኖችን ይዘው ሲመጡ፣ ዶስን ለማግኘት የሚፈርሙት ከማይክሮሶፍት ጋር ሆነ። አይቢኤም የገበያውን መለኪያ ቢያወጣም ቁልፉ በእጁ አልነበረም።

ከዚያ ተፎካካሪ መጣ። ዲጂታል ሪሰርች የተባለ ኩባንያ በ1988 ከኤምኤስ-ዶስ ጋር የሚፎካከር ዲአር-ዶስ የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አወጣ፤ በ1990 የወጣው እትም 5.0 በማህደረ ትውስታ አጠቃቀሙ ከወቅቱ ኤምኤስ-ዶስ የቀደመ ነበር። የፕሮሰሰር ውል ጉዳቱ እዚህ ላይ ይታያል። አንድ አምራች 1,000 ማሽን ቢሠራና 200 ደንበኞቹ ዲአር-ዶስን ቢመርጡ እንበል። በቅጂ ውል ለማይክሮሶፍት የሚከፍለው የ800 ነው። በፕሮሰሰር ውል ግን የ1,000ውንም ይከፍላል፤ የ200ውን ዲአር-ዶስ ደግሞ ለብቻው ይገዛል። ተፎካካሪው ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ለአምራቹ ያው ተጨማሪ ወጪ ነው።

ታዲያ አምራቹ ለምን ፈረመ? የነጠላ ዋጋው በቅጂ ከሚቆጠረው ውል ስለሚረክስ ነው። የኮምፒውተር ሽያጭ ትርፉ ቀጭን ነው፤ ጎረቤቱ በርካሽ እየገዛ እሱ በውድ ገዝቶ አይዘልቅም። ከዚህ በላይ ውሎቹ ለብዙ ዓመት የሚያስሩና ዝቅተኛ የግዢ መጠን የሚያስገድዱ ነበሩ፤ ሽያጭ ቢቀዘቅዝም ክፍያው አይቀንስም።

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ይህን አሠራር ከስሶ በጁላይ 1994 ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማማ፤ ፍርድ ቤት ስምምነቱን ያጸደቀው በ1995 ነው። በፕሮሰሰር መቁጠርና ዝቅተኛ የግዢ ግዴታ ተከለከሉ፤ የአንድ ውል ዘመንም በአንድ ዓመት ተገደበ። በሞዴል የሚቆጠር ፈቃድ ግን ተፈቅዶ ቀረ። በእርሱ መሠረት አምራቹ የተስማማበትን ሞዴል በሙሉ ይከፍላል፤ ከክፍያው ነጻ የሆነ ማሽን ሲፈልግ አዲስ የሞዴል ስም ወይም ቁጥር ሰጥቶ ከውሉ ውጭ ያደርገዋል።