በጥይት የተጎዳ ፊትን መልሶ መሥራት

ፊቱን በጥይት የተመታ ሰው ሲመጣ ዓይን የሚያርፈው ተቦጭቆ በተንጠለጠለው ሥጋ ላይ ነው። ቀድሞ የሚገድለው ግን መታፈን ነው። የታችኛው መንጋጋ ከአገጩ በኩል ሲደቅ ምላስን ወደፊት የሚይዘው አጥንት ይጠፋል፤ በጀርባው ያስተኙት ቁስለኛ ምላሱ ጉሮሮው ላይ ይወድቅበታል፣ ደሙና የጥርሱ ስባሪ ይጨመርበታል። ራሱን የሚያውቅና አንገቱ ላይ ጉዳት የማይጠረጠር ከሆነ ጎንበስ ብሎ ይቀመጥ፣ ደሙ ወደ ውጭ ይፍሰስ። እብጠቱ ሳይብስ ቱቦ ይገባለታል፤ በአፍ ካልሆነ የአየር ቧንቧው አንገቱ ላይ ይከፈታል።

ሙያው መልክ የያዘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ከምሽግ ብቅ የሚለው ጭንቅላት ነበርና የፊት ቁስለኛ በዛ። እ.ኤ.አ. በ1917 እንግሊዝ ውስጥ ሲድከፕ ላይ በተከፈተው የንግሥቲቱ ሆስፒታል፣ የኒውዚላንድ ተወላጁ ሃሮልድ ጊሊስና ባልደረቦቹ ከ5,000 በላይ ቁስለኞችን አክመዋል። ጊሊስን ያስቸገረው ጥይቱ ብቻ አልነበረም፤ የችኮላ ስፌትም ነበር። አጥንት በሌለበት ቆዳው ተጎትቶ ሲሰፋ ጠባሳው ይኮማተራል፣ አፍ ይጠባል፣ አገጭ ይሰረጉዳል። ስለዚህ የተሰፋውን ፈትቶ የቀረውን ሥጋ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ የጎደለው ስንት እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። ለመሙያ ከደረት ወይም ከትከሻ የቆዳ ጥብጣብ ያነሣና እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ይሰፋዋል። ፔኒሲሊን ባልነበረበት ዘመን መጠቅለሉ ጥሬውን ገጽ ከመግል ይጠብቀው ነበር። አንዱ ጫፍ ፊት ላይ ተሰፍቶ እስኪይዝ ሌላው ጫፍ ከነበረበት ደም ያመጣለታል። አንድ ፊት ዓመታት ይፈጅ ነበር።

ዛሬ የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ቁጥብ ነው። ቁስሉ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ የላላ የጥርስ ስባሪና በእርግጥ የሞተው ሥጋ ብቻ ይወጣል። ፊት ደም የጠገበ ስለሆነ በቀጭን ቆዳ የተንጠለጠለ ቁራጭ እንኳ ሊተርፍ ይችላል። በፈጣን ጥይት የተመታ ሥጋ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሕያው መስሎ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሊጠቁር ስለሚችል ቁስሉ በየ24 እስከ 48 ሰዓቱ እየተከፈተ ይታያል። በዚህ መሀል የላይና የታች ጥርሶች እንደ ቀድሞው ተጋጥመው በሽቦ ይታሰራሉ፤ የመንጋጋው ልክ የሚገኘው ከጥርሱ ግጥምጥም ነው። የተረፉት የአጥንት ጫፎች ወደ ውስጥ እንዳይገቡ አጥንቱ ላይ በሚታሰር የቲታኒየም ዝርግ ብረት ወይም ከውጭ በሚታሰር ብረት ይያዛሉ።

ሰፊ የአጥንት ጉድለት የሚሞላው ብዙ ጊዜ ከእግር በሚወሰደው ፊቡላ ነው፤ ከቅልጥሙ ጎን ያለው ቀጭኑ አጥንት። እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይገኛል፤ ቁርጭምጭሚቱ እንዳይላላ ከታች ቢያንስ 6 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። አጥንቱ እንደ ሽብልቅ እየተቆረጠ በአገጭ ቅርጽ ይታጠፋል፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆኑት ደም ስሮቹ ከአንገት ደም ስሮች ጋር በማይክሮስኮፕ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ይገጠማሉ። ጥይቱ ባናወጠው ደም ስር ውስጥ ደም በቀላሉ ስለሚረጋ ከጉዳቱ ራቅ ያለ ደም ስር ይፈለጋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት የነርሷ ነው። ከእግር ከአጥንቱ ጋር አብሮ የመጣውን ቆዳ በየሰዓቱ ታየዋለች። ገርጥቶ ከቀዘቀዘ ደም አልደረሰውም፤ ከጠቆረና ካበጠ፣ በመርፌ ሲነካም ጥቁር ደም ቶሎ ካፈሰሰ ደሙን የሚመልሰው ደም ስር ተዘግቷል። ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ያስመልሳሉ።

አጥንት ይተካል፣ በላዩም ጥርስ ይተከላል። ከንፈር ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከእግር የመጣ ቆዳ ቀዳዳውን ቢደፍንም አይጨብጥም፣ ስለዚህ ምራቅ ይፈሳል፣ ሾርባ ያመልጣል። በመጀመሪያው ቀን አንዲት የከንፈር ቁራጭ የማትጣለው ለዚህ ነው።