በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ምንድን ነው? ሱፐርማርኬት ውስጥ መውደቅስ?

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ ሰው ሁሉ ሱቅ የሚገባው ጭቃውን ይዞ ነው። የሱፐርማርኬቶቹ ወለል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ነው። ለዓይን ያምራል። ሲረጥብ ግን ጫማ አይቆነጥጥም፤ ዘይት ከፈሰሰበትማ አይወራ።

በር ላይ የሚነጠፈው ካርቶን ሌላው ጉድ ነው። ደረቅ እያለ ውሃውን ይመጥጣል፤ ከራሰ በኋላ ግን ራሱ ከነሰው ይንሸራተታል። በላርጎ ተወልውሎ በንጹህ ውሃ ያልታጠበ ወለልም ያው ነው። ደርቆ ደህና ይመስላል፣ ትንሽ ሲረጥብ ሳሙናው ያዳልጣል።

ደንበኛ ገብቶ ይወጣል። ሠራተኛዋ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት፤ ያውም ባለ 5 ሊትር ዘይት በሁለት እጇ ይዛ። ስትወድቅ መደገፊያ እጅ የላትም። ከዚያ «እያየሽ አትሄጂም?» ትባላለች። እሷም «እግሬ ከድቶኝ ነው» ብላ እያነከሰች ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሕጉ እንዲህ አይልም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሠራተኛ በሥራው ላይ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ድንገት የሚደርስበት የአካል ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። «ዘይቱን ያፈሰሰው ደንበኛ ነው» ማለት አያድነውም። በእረፍት ሰዓት፣ በሥራዋ ምክንያት እዚያው እያለች ብትወድቅም ያው ነው። አሠሪው ነጻ የሚሆነው ሠራተኛዋ ጉዳቱን ሆን ብላ በራሷ ላይ ካደረሰች ነው። በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያን መጣስና ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚያ ይቆጠራሉ።

ሕክምናው በአሠሪው ወጪ ነው። መሥራት ካልቻለች እስከ 1 ዓመት ክፍያ አላት፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ በቀሪዎቹ 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማሳወቅም አለበት።

ችግሩ ማስረጃ ላይ ነው። የሕክምና ካርዷ ላይ «ወድቃ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የት ወደቀች የሚለው በኋላ ያከራክራል። ስለዚህ ለሐኪሙ ሥራ ቦታ መሆኑን መንገር፣ ለአሠሪውም በዚያው ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ያየ ባልደረባ ካለም ስሙን መያዝ ነው። የጽሑፍ ውል የለኝም ብሎ መተውም አያስፈልግም፤ በቃል የተቀጠረም መብቱ ያው ነው።