ጋዝ ሃይድሬት ምንድን ነው?

አዳማ ላይ ነዳጅ ማለት ቦቴ ነው። ከጅቡቲ ተጭኖ በአዋሽ በኩል ይመጣና ወደ አዲስ አበባ ይነጉዳል። ጋዝ በረጅም ቱቦ በሚሄድበት አገር ግን ሌላ ጣጣ አለ። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ምህንድስና የሚማር ልጅ ያለው ሰው ስሙን ሰምቶት ይሆናል፦ ጋዝ ሃይድሬት።

ሲያዩት በረዶ ነው፤ ክብሪት ሲጭሩበት ግን ይነዳል። ውሃና ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ሲገናኙ፣ ቅዝቃዜም ሲታከልበት፣ የውሃ ሞለኪውሎች ተያይዘው እንደ ቀፎ ያሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይሠራሉ። በየክፍሉ አንድ የጋዝ ሞለኪውል፣ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን፣ ይታገታል። 1 ሜትር ኩብ ሃይድሬት ሲፈርስ 160 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ይወጣዋል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ከ0 ዲግሪ በታች መውረድም አያስፈልገውም። በ4 ዲግሪ ላይ ለሚቴን ከተለመደው የአየር ግፊት 40 እጥፍ ገደማ ይበቃዋል። ግፊቱ ከ100 እጥፍ በደንብ ካለፈ የአዳማ የኅዳር ማለዳ ብርድም ይበቃዋል። ኤቴንና ፕሮፔን የሚባሉት ሌሎች ጋዞች ከተቀላቀሉበት ደግሞ ይብስበታል።

እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ድረስ ነገሩ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ነበር። በዚያ ዓመት አሜሪካዊው ኬሚስት ሃመርሽሚት የጋዝ ቱቦዎችን የሚደፍነው ተራ በረዶ ሳይሆን ሃይድሬት መሆኑን አሳየ። ታዲያ አሙቆ ማቅለጥ ነው አትሉም? እዚህ ላይ ነው ያ 160 የሚመጣው። ድፍኑ መሀሉ ላይ ቢቀልጥ ጋዙ መውጫ ያጣና ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል። በአንድ በኩል ብቻ ግፊት ቢቀነስ ደግሞ ድፍኑ ተፈናጥሮ እንደ ጥይት ይሄዳል። ሰው የሞተበት ነገር ነው። ለዚህ ነው ከሁለቱም ወገን ቀስ እያሉ ግፊት የሚቀንሱት።

በ2010 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነዳጅ ሲፈስ፣ ፍሳሹን ለመያዝ ወደ 1,500 ሜትር ጥልቀት የወረደው ግዙፍ የብረት ክዳን ሃይድሬት ሞላበትና ሥራው ከሸፈ።

መከላከያው ኬሚስትሪ ነው። የድሮው ዘዴ ሜታኖል ወይም ግላይኮል የተባሉ ፈሳሾችን በብዛት መጨመር ነው፤ ይሠራል፣ ግን ውድ ነው። አዲሶቹ ኬሚካሎች በጥቂቱ ተጨምረው ክሪስታሉ እንዳይጀምር ያዘገያሉ፤ አለዚያም የተሠሩት ቅንጣቶች እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከጋዝና ከውሃ ጋር አብሮ በቱቦ የሚሄደው ድፍድፍ ነዳጅ ራሱ ነው። አንዳንዱ ድፍድፍ በተፈጥሮው አስፋልቲን የተባለ ከባድ ንጥረ ነገርና አሲዶች ስላሉት ቅንጣቶቹን ለያይቶ ይዟቸው ይፈስሳል። ሌላው በዚያው ሙቀትና ግፊት ቱቦውን ድፍን ያደርገዋል። ተመራማሪዎች የድፍድፉን ቅንብር እየበታተኑ የሚያጠኑት ለዚህ ነው።

ከባሕር ወለል በታች ስላለው ሃይድሬት «የነገ ነዳጅ» እየተባለ ብዙ ይወራል። ጃፓን በ2013፣ ቻይና በ2017 እ.ኤ.አ. ከባሕር በታች ካለ ሃይድሬት ጋዝ አውጥተው ሞክረዋል። ሙከራ እንጂ ገበያ አልሆነም። በበኩሌ ወሬው ከሥራው ቀድሟል ባይ ነኝ።

ወደ እኛ ስንመጣ ባሕርም በረዷማ ምድርም የለንም። በኦጋዴን ያለው የካሉብ ጋዝ ግን አለ። ኦጋዴን ሞቃት ነውና አያሰጋም ማለት አይቻልም፤ በከፍተኛ ግፊት ከጉድጓድ የወጣ ጋዝ በጠባብ ቫልቭ ሲያልፍ በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ረጅም ቱቦ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውሃ በሚመጥ ግላይኮል ውስጥ አሳልፎ ወይም በሌላ ዘዴ ውሃውን ማስቀረት የግድ ነው።