ነገ ጣና ዙሪያ ስንት ኩንታል ይታፈሳል? የአየር ንብረትና የእርሻ ገቢ ስሌት

የአየር ንብረት ለውጥ የአንድን አካባቢ የእርሻ ገቢ እንዴት እንደሚነካ አስቀድሞ ማስላት ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ሥራ ነው። ዓለም አቀፍ ሞዴሎች (የወደፊቱን አየር በኮምፒውተር የሚያሰሉ ቀመሮች) የሰጡት የሙቀትና የዝናብ ግምት መጀመሪያ በተፋሰሱ፣ ማለትም ውሃው ወደ አንድ ወንዝ ወይም ሐይቅ በሚፈስበት አካባቢ፣ ልክ እንዲሆን ይጠብባል። ቀጥሎ የወንዙ ፍሰትና የሰብሉ ምርት ይሰላል። በመጨረሻ ኩንታሉ ወደ ብር ይቀየራል። አንዱ ደረጃ ላይ የተፈጠረ ስህተት ወደሚቀጥለው ይተላለፋል።

ስለ ጣና ተፋሰስ ሞዴሎቹ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሙቀቱ ይጨምራል። ዝናቡ ላይ ግን አንዱ ይጨምራል ሲል ሌላው ይቀንሳል ይላል። ለገበሬው ደግሞ ዋናው ነገር ክረምቱ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ የሚለው ነው። ዝናቡ መስከረም ላይ ቀድሞ ከቆመ ጤፉ ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል። የዓመቱ የዝናብ ድምር ግን ደህና ሊመስል ይችላል።

ከጣና በስተምሥራቅ ያለውን የፎገራን ሜዳ እንይ። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ክረምት ላይ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ጥቁሩ አፈር ውሃ ስለሚቋጥር ሜዳው ድሮ በአብዛኛው ግጦሽ ነበር፤ የፎገራ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ሩዝ ሲገባ ያ ውሃ ሀብት ሆነ። ሩዙ ከታጨደ በኋላም በተረፈው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ውሃው ከልክ ሲያልፍ ግን፣ እንደ ነሐሴ 1998 ዓ.ም.፣ ቤትና ማሳ ያጥለቀልቃል። ስለዚህ ጎርፍን ኪሳራ ብቻ አድርጎ የሚቆጥር ስሌት ፎገራን አያውቃትም።

የክልል አማካይ የሚባለውንም አላምነውም። ጉና ተራራ ላይ ገብስና ድንች የሚያመርተው ገበሬ ውርጩ ቢቀንስለት ለጊዜው ሊጠቀም ይችላል። ቆላ ያለው ግን ሙቀቱ ሲብስ ይጎዳል። ሁለቱን ደምረን ለሁለት ስናካፍል የሁለቱም ኑሮ ይጠፋል። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ደግሞ ወደ 7,000 ሄክታር ለማልማት የተሠራ ነው። እዚያ ገበሬው የሚጠብቀው ግድቡ የያዘውን ውሃ ነው። ሲሞቅ ግን ሰብሉም የበለጠ ይጠማል።

ሌላው ችግር የሰውን እጅ ከአየሩ መለየት ነው። በ1995 ዓ.ም. ጣና በጣም ጎደለ፤ ጀልባዎች ሥራ አቆሙ። ዝናቡ አንሶ ነበር፤ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተለቀቀው ውሃም ብዙ ነበር። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ተከትሎ ባሕር ሸሹን አረሰ። ሐይቁ ሲመለስ ማሳው ተመልሶ ውሃ ውስጥ ገባ።