የኤስኤቲ ሙሉ ነጥብ ምንድን ነው?

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሚወሰዱት ፈተናዎች አንዱ የሆነው የኤስኤቲ ከፍተኛ ውጤት 1600 ሲሆን፣ ይህም ከንባብና ጽሑፍ 800፣ ከሒሳብ 800 ተደምሮ የሚገኝ ነው። እዚህ የደረሰ ተማሪ ሙሉ አመጣ ይባላል። ዝነኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሙሉ ካመጡት ብዙዎቹን ለምን እንደማይቀበሉ የሚገባን ግን ነጥቡ ምን እንደሚለካና መለካቱን የት ላይ እንደሚያቆም ስናውቅ ነው።

ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1926 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)፤ ባለቤቱም ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ነው። ከ2005 እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ ሙሉ ነጥቡ 2400 ስለነበር፣ በዚያን ጊዜ 1600 ያመጣ ተማሪ ከአማካዩ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ከመለኪያው ጋር ብቻ ነው ማለት ነው።

1600 ማምጣት ሁሉንም ጥያቄ በትክክል ከመመለስ ጋርም አንድ አይደለም። ዛሬ በኮምፒውተር ከሚቀርቡት 98 ጥያቄዎች ውስጥ 8ቱ ለወደፊት ፈተናዎች የሚሞከሩ እንጂ ነጥብ የማይያዝባቸው ናቸው፤ ተፈታኙ የትኞቹ እንደሆኑ ስለማያውቅ እነርሱን ስቶም ሙሉ ሊያገኝ ይችላል። ከዚህም ሌላ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው በተለያዩ ቀናት ከተፈተነው ውስጥ የየክፍሉን ምርጥ ውጤት ለይተው ስለሚደምሩ፣ በአንድ ቀን 1600 አምጥቶ የማያውቅ ተማሪ በማመልከቻው ላይ 1600 ይዞ ሊቀርብ ይችላል።

ዋናው ነገር ግን ጣሪያው ነው። ፈተናው ከ1600 በላይ ስለማይቆጥር፣ የመጨረሻዋን ጥያቄ በጭንቅ የመለሰውንና ፈተናው ሁሉ የቀለለውን ተማሪ አይለይም። ከጣሪያው ዝቅ ብሎም ቢሆን ልዩነቱ የሚመስለውን ያህል ጥርት ያለ አይደለም፤ በየክፍሉ ወደ 30 ነጥብ ገደማ ወዲህም ወዲያም ማለት የተለመደ በመሆኑ፣ 1560ና 1600 ያው ተማሪ በሁለት የተለያዩ ቅዳሜዎች የሚያመጣቸው ውጤቶች ሊሆኑ ይችላሉ። አርባ ነጥብ ለመጨመር ወራት የሚፈጁ ተማሪዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ይመስለኛል።

ሃርቫርድ አመልካቾቹን በሚመርጥበት መንገድ የተነሣ በ2014 ተከሶ ስለነበር፣ በተለመደው ጊዜ ከመራጮቹ ክፍል የማይወጡ አኃዞች በፌዴራል ፍርድ ቤት ይፋ ሆነዋል። በ2019 ለሚመረቀው ቡድን ካመለከቱት 26,000 ገደማ የአገር ውስጥ ተማሪዎች መካከል 3,500 ያህሉ በሒሳብ፣ 2,700 ያህሉ በቋንቋ ክፍሉ ሙሉ 800 ነበራቸው፤ በትምህርት ቤት ሙሉ ውጤት የነበራቸው ደግሞ ከ8,000 ይበልጡ ነበር። የነበረው ቦታ 1,600 ገደማ ነው (ቁጥሩ ከፈተናው ሙሉ ነጥብ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው)። ዩኒቨርሲቲው ሌላውን ሁሉ ትቶ በሒሳብ ሙሉ ያመጡትን ብቻ ልቀበል ቢል እንኳ ከቦታው እጥፍ በላይ ይሆኑበት ነበር።

ከዚያው ክርክር የታወቀው የደረጃ አሰጣጥ ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። መራጮቹ ለአመልካቹ የትምህርት ብቃት ደረጃ ሲሰጡ ከፍተኛው 1 ነው፤ ውጤቱ ሙሉ ወይም ለሙሉ የቀረበ ሆኖ ከዚያ ያለፈ የምርምር ሥራ ወይም የፈጠራ ማስረጃ የሌለው ተማሪ የሚያገኘው ግን 2 ነው። ይህም ከክፍል ውጭ ያለው ተሳትፎ፣ ስፖርቱ፣ ድርሰቱና የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ገና ሳይታዩ ነው።

ይህ ሲባል ፈተናው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በወረርሽኙ ጊዜ ውጤት ማቅረብን ለአመልካቹ ፈቃድ ትቶ የነበረው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) በማርች 2022 ግዴታውን ሲመልስ፣ ውጤቱ ተማሪው ትምህርቱን፣ በተለይም ሒሳቡን፣ እንደሚወጣው ለማወቅ እንደሚረዳው ገልጾ፣ ዝግጁነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ነጥቡን ከዚያ በላይ እንደማያየውና ሙሉ ላመጡት እንደማያዳላ በግልጽ ተናግሯል። ዳርትማውዝ ኮሌጅም በ2024 የፈተናውን ግዴታ የመለሰው ከሌላ አቅጣጫ ተነሥቶ ነው፤ አቅም ከሌላቸው ቤተሰቦችና ትምህርት ቤቶች የመጡ አመልካቾች 1400 አካባቢ የሆነ ውጤታቸውን አነሰ ብለው ሲደብቁ፣ መራጮቹ ግን ያንኑ ውጤት ከመጡበት ትምህርት ቤት ጋር አነጻጽረው ቢያዩት ይጠቅማቸው እንደነበር የኮሌጁ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። እንዲህ ባለው ንጽጽር 1400 ከሌላው 1550 በላይ ሊናገር ይችላል።

በተቃራኒው በርክሌይንና ሎስ አንጀለስን የሚያጠቃልለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲመርጥ ኤስኤቲን ጭራሽ አይመለከትም። እዚያ 1600 ያመጣ አመልካች ነጥቡን ቢልክ የሚያገለግለው ዝቅተኛውን የማመልከቻ መስፈርት ለማሟላት፣ አለዚያም ከገባ በኋላ የትኛውን ኮርስ እንደሚጀምር ለመወሰን ነው።